መቆሚያው ድንጋይ

መምህሩ የተገኙት በካልሲያቸው ነው። ጫማቸው ከላይ፣ ከበሩ ደፍ አጠገብ ተቀምጧል፤ እሳቸው አሥራ አንድ ደረጃ ታች፣ ከምድር ቤቱ መሐል ካለው ድንጋይ ሥር በጀርባቸው ተዘርግተዋል። መነጽራቸው እንኳ ከአፍንጫቸው አልወረደም። ቁስሉ ከጭንቅላታቸው ኋላ ነበር።

«ያለቀለት ነገር ነው» አለ የጣቢያው አዛዥ እጁን እያራገፈ። «አናጢው የደረጃውን መደገፊያ ትናንት ነቅሎታል፤ ሽማግሌው ተንሸራተው ወደቁ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሹልክ ብሎ መጥቶ መልሶ ገጥሞታል። ብሎኑ ላይ ያለው ዘይት ገና አልደረቀም። በዚያ ላይ የቆየ ቂም አለው። ሆን ብሎ ነው የነቀለው።»

«አመነ?» አለች መርማሪዋ።

«መግጠሙን አመነ። ሌላውን ወህኒ ሲወርድ ያምናል። ፈርሚና እንገላገል።»

መርማሪዋ አልፈረመችም። ባልደረቦቿ «ወስፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ናት፣ ትወጋለች፣ የጀመረችውን ሳትበሳ አትመለስም። ከስድስት ዓመት በፊት ግን እሷም «ያለቀለት ነው» ብላ ፈርማ ነበር፤ በአንድ ዳቦ ጋጋሪ ላይ። እውነተኛው ሌባ ሲያዝ ዳቦ ጋጋሪው አሥራ አራት ወር ታስሮ፣ እናቱን ሳይቀብር ቀርቷል። ይቅርታ ልትጠይቀው ሁለት ጊዜ እስከ ሱቁ ሄዳ፣ ሁለቱንም ጊዜ ከሻጯ ዳቦ ገዝታ ተመልሳለች። ያ ዳቦ እስከ ዛሬ ከጉሮሮዋ አልወረደም።

ተንበርክካ የሟቹን እግር አየች። ካልሲው ጥቁር ነው፤ የውስጥ እግሩ ግን ወለሉን በሸፈነው የድንጋይ ብናኝ ከጣት እስከ ተረከዝ ነጭ ሆኗል። ከደረጃው ሥር እስከ ድንጋዩ በእርምጃ ለካች፤ ስድስት ነው። የድንጋዩ ጠርዝ ላይ አውራ ጣት የምታህል የደረቀ ደም አለች።

«ከደረጃ የወደቀ ሰው ስድስት እርምጃ ሄዶ ነው የሚሞተው?»

«አንዳንዱ ይሄዳል።»

«መንገዱ ላይ አንዲት ጠብታ ሳይጥል?»

አዛዡ ሰዓቱን አየ። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጊዜ አለሽ። ከዚያ በኋላ መኪናው አናጢውን ይዞ ይሄዳል።»

ቤቱን የከተማው ሰው «ጨው ቤት» ይለዋል። ሰው መቼም የሚያሳፍረውን ትቶ የማያሳፍረውን ስም ማውጣት ያውቅበታል። እርግጥ ጨው ተከማችቶበታል፤ ያ ግን ኋላ ነው። ቀድሞ የሚከማችበት ሰው ነበር። ከምድር ቤቱ እያወጡ፣ ድንጋዩ ላይ እያቆሙ በሐራጅ ይሸጡበት ነበር። ንግዱ ሲከለከል ጨው ገባበት፣ ጨው ሲወጣ ትምህርት ቤት ሆነ፣ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ደግሞ ጎብኚ ይመጣበት ጀመር። ሟቹ በወጣትነታቸው እዚያው ያስተምሩ ነበር፤ ጡረታ ከወጡም በኋላ የቤቱን ታሪክ ሲቆፍሩ ኖረዋል። በዚያው ዕለት በሕዝብ ፊት ሊናገሩት ነበር፤ አናጢውም የተቀጠረው ለዚያ ዝግጅት ደረጃውን እንዲያድስ ነው።

አስጎብኚው በሩ ላይ ጠበቋት። ስድሳውን ያለፉ፣ ድምፀ ለስላሳ ሰው ናቸው፤ ልጅ አዋቂው «ጋሼ» ይላቸዋል።

«ጫማሽን አውልቂልኝ ልጄ» አሏት። «ቅድም ፖሊሶቹ በቡትስ ሲወርዱ ብለምናቸው አልሰሙኝም። በባዶ እግራቸው የወረዱ ሰዎች ቤት ነው፤ ሹምም ቢሆን በጫማ አይወርድም። በጫማ የሚወርደው አናጢው ብቻ ነው፤ ሥራ ላይ ስለሆነ ምስማር እንዳይወጋው ብዬ ፈቅጄለታለሁ።»

አወለቀችና ወረደች። እሳቸው ጥቂት ዘግይተው ተከተሏት።

ድንጋዩ ጉልበት ይደርሳል። አናቱ ላይ ሁለት ጎድጓዳ አለ፤ የእግር ቅርጽ ነው። ማንም አልጠረበውም፤ እየተፈራረቁ የቆሙበት ሰዎች ያጎደጎዱት ነው።

«እዚህ ላይ ያቆሟቸዋል» አሉ አስጎብኚው። «ጥርሳቸውን ያያሉ፣ ክንዳቸውን ይጨምቃሉ። የሐራጁ ጠሪ ቃጭሉን ሦስት ጊዜ ሲመታ ሽያጩ አለቀ። ልጅ ከእናቱ የሚለየው በሦስተኛው ነው። የኔም ቅድመ አያት እዚሁ ቆማለች።» ድምፃቸው ተሰበረ። ሃያ ዓመት ሙሉ እዚሁ ቦታ ላይ ሲሰበር የኖረ ድምፅ ነው፤ ያላለቀሰ ጎብኚ የለም።

መርማሪዋ ግድግዳውን አየች። ባዶ ምስማር አለ፤ ከሥሩ ደወል የሚመስል ንጹሕ ቅርጽ ከአቧራው መሐል ይታያል።

«ቃጭሉ የት ሄደ?»

«ምላሱ ወልቆ ብረት ጠጋኙ ጋ ሰደድኩት።»

«ትናንት መምህሩን አይተዋቸዋል?»

«የት አይቼ! ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቆልፌ ወጣሁ። እሱ የፊቱ በር ቁልፍ ነበረው፤ ሲመጣ እኔ ቤቴ ነኝ። ዛሬ ልጁ ስትጮህ ነው ሮጬ የደረስኩት።» ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። «ጓደኛዬ ነበር። ምነው ባልሄድኩ እላለሁ።»

ስትወጣ ጫማዋን አጥልቃ መንገድ ጀመረች። እግሯ ሳትታገል ዘው አለ፤ ልብ አላለችውም።

የሟቹ ልጅ ነርስ ናት። የሌሊት ተረኛ ሆና አድራ ጠዋት ቤት ስትገባ የአባቷ አልጋ እንደተነጠፈ አገኘችው። አሁንም ያደረችበትን ነጭ ልብስ እንደለበሰች ነው።

«የሰው ሁሉ ትኩሳት ስለካ አድሬ ለአባቴ አልደወልኩለትም» አለች። «አንዴ፣ አንዴ ብደውል ኖሮ…»

«ስትደርሺ መጀመሪያ ያየሽው ምንድነው?»

«ጫማውን። በሩ ላይ፣ ጎን ለጎን፣ አፍንጫው ወደ ውጭ ዞሮ። ሊወጣ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ‹አባዬ› ብዬ ጠራሁት። ማንንም ከመጥራቴ በፊት ቆሜ ጠበቅኩት እኮ!»

«እሳቸው ጫማ ሲያወልቁ እንደዚያ ነው የሚያስቀምጡት?»

በእንባዋ መሐል ሳቅ አመለጣት። «አባዬ? አንዱ ሰሜን አንዱ ደቡብ ነው። እየተደናቀፍኩ አደግኩ።»

«ትናንት ምን ይዘው ሄዱ?»

«በከረጢቱ አንድ አሮጌ ወረቀት። ‹ነገ ከመናገሬ በፊት ለአንድ ሰው ማሳየት አለብኝ፤ ከሕዝብ እኩል እንዲሰማው ማድረግ ነውር ነው› አለኝ። ማን እንደሆነ አልነገረኝም።»

ከረጢቱ ከሬሳው አጠገብ ነበር፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው።

ያ «አንድ ሰው» ማን እንደሆነ አዛዡም ሆነ ሠፈሩ ያወቀ መስሎታል። እትዬ የሚባሉት የቤቱ ባለቤት ናቸው፤ እዚያ ሰው ይሸጥ የነበረው ነጋዴ የልጅ ልጅ። ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው፣ ያለ ከዘራ አይራመዱም፣ ከጨው ቤት ትይዩ ካለው ሰገነታቸው ላይ ውለው ያመሻሉ።

«ገደልሽ ልትይኝ ነው የመጣሽው?» አሉ ገና ሳትቀመጥ።

«ልጠይቅዎ ነው እትዬ። መምህሩ ዛሬ ሊናገሩት የነበረው ያስፈራዎት ነበር?»

«አያቴ ሰው ሸጧል። ስሙ ከበሩ በላይ ተቀርጾ አለ፤ አላፊ አግዳሚው ያነበዋል። ራቁቱን የቆመ ሰው ምኑ ይገፈፋል?» ከዘራቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወሩ። «እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ልጅ ሆኜ እዚያ ድንጋይ ላይ ወጥቼ እዘፍን ነበር። እናቴ ታጨበጭባለች። እሷ ታውቅ ነበር፣ ታጨበጭባለች! ካወቅኩ ወዲህ ወርጄ አላውቅም። ጋሼም ጫማሽን አውልቂ ይላሉ፤ እኔ እንኳን ላወልቅ ጎንበስ ካልኩ የሚያቃናኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

«ትናንት ማን ሲገባ አዩ?»

«አሥር ሰዓት ላይ መምህሩ ገቡ። በፊቱ በር ሌላ ሰው አልገባም፤ እሳቸውም አልወጡም። የጓሮውን አላይም። የጓሮው ቁልፍ አናጢው እንዲገባበት ከአበባው ማሰሮ ሥር ይቀመጣል፤ እኔም፣ ጋሼም፣ አናጢውም እናውቃለን።»

ጣቢያው ውስጥ እስረኛ ጫማውን ከክፍሉ በር ላይ አውልቆ ይገባል፤ ደንብ ነው። አናጢው ሲጠራ በሩ ላይ ደርሶ ከጫማው ጋር ግብግብ ገጠመ። ጫማው እንደገባበት ወደ ውስጥ ያያል፤ እሱ ደግሞ ወደ ውጭ። በአንድ እግሩ እየነጠረ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ ዞሮ አጠለቀው። ጠባቂው ሳቀበት።

«እውነቱን ንገረኝ» አለችው መርማሪዋ። «ቂም ነበረህ?»

«ነበረኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ስረብሽ መምህሩ እዚያ ድንጋይ ላይ ያቆሙኝ ነበር። የቅጣት ቦታ ነበር፤ የሁላችንም። ያኔ ምን እንደሆነ እሳቸውም አያውቁም። ባለፈው ሳምንት ሥራ ላይ ሳለሁ መጥተው፣ ‹የሰው መሸጫ ላይ አቁሜሃለሁ፤ ሳላውቅ ነው፣ ይቅር በለኝ› አሉኝ።»

«ምን አልካቸው?»

«ዝም ብዬ መጋዜን ሳብኩ።» ፊቱን ሸፈነ። «ነገ እላለሁ ብዬ እኮ ነው። ዛሬ ጠዋት ሳገኛቸው፣ የነቀልኩት መደገፊያ ጨረሳቸው፣ ይቅር ሳልላቸው ገደልኳቸው አልኩ። ደንግጬ መልሼ ገጠምኩትና ሮጥኩ።»

«ጫማቸውን አይተኸዋል?»

«ዘልዬው አለፍኩ። ወደ ውጭ ዞሮ ነበር።»

ጠባቂው ሊመልሰው ሲይዘው፣ አናጢው ያንኑ ጫማ እንደገና አወለቀ፤ እንደገና ወደ ውስጥ ዞሮ ቀረ። ወስፌ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ የራሷን እግር አየች። ጨው ቤት በር ላይ ዘው ብሎ የገባው እግሯ ትዝ አላት።

«አትመልሰው» አለች ለጠባቂው። «ይዘኸው ተከተለኝ።»

መንገድ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ቆመች፤ ብረት ጠጋኙ ጋ።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ምድር ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። አስጎብኚው እንደ ልማዳቸው ሁሉንም ሊያስወልቁ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ወስፌ ግን «ዛሬ እርስዎ ይቅደሙ ጋሼ» ብላ ራሷ ከኋላ ቀረች። እትዬ ከብዙ ማመንታት በኋላ በነርሷ ትከሻ ተደግፈው ጫማቸውን አወለቁ። አናጢውም ዛሬ ሥራ ላይ አይደለምና አወለቀ፤ ጠባቂው ውጭ ቆሞ ቀረ። አዛዡ እያጉረመረመ አወለቀ፤ የግራ ካልሲው ተቀዶ አውራ ጣቱ ወጥቷል።

«መምህሩ ከደረጃ አልወደቁም» ብላ ጀመረች። «ካልሲያቸው ከታች ነጭ ነው። በእግራቸው ወርደው፣ እዚህ ወዲያ ወዲህ ብለዋል። ደሙ ያለው ደረጃው ላይ ሳይሆን ድንጋዩ ጠርዝ ላይ ነው። በጀርባቸው ነው የወደቁት። ሰው ከፊት ካልገፋው መነጽሩ ሳይነቃነቅ፣ እጁ ሳይላጥ እንዲህ ወደ ኋላ አይወድቅም። ስለዚህ መደገፊያውን እንርሳው።»

አናጢው ትንፋሹን ለቀቀ።

«እዚህ ሊያገኙት የመጡት ሰው ነበር፤ ወረቀት ሊያሳዩት። ወረቀቱ የለም። ሰዉ ሁሉ እትዬን ጠረጠረ። ግን እትዬ ምን የሚደበቅ አላቸው? የአያታቸው ስም በራቸው ላይ ነው። ሰው አስቀድሞ ተጠርቶ በጆሮው የሚነገረው ማንም የማያውቀው ነገር ሲኖርበት ነው።»

«አናጢውስ?» አለ አዛዡ።

«የሱ ነገር የሚያሳፍረው መምህሩን ነው፤ እሱንማ ምን ያሳፍረዋል? አሁን ወደ ጫማው እንምጣ። ልጃቸው ስትደርስ ጎን ለጎን፣ ወደ ውጭ ዞሮ ነው ያገኘችው። ከእሷ ቀድሞ አናጢውም እንደዚያው አይቶታል። መምህሩ ጫማቸውን በሥርዓት አስቀምጠው አያውቁም። ሰው ደግሞ እየገባ ሲያወልቅ ጫማው ወደ ውስጥ ነው የሚያየው። ስለዚህ ሌላ እጅ አዙሮታል፤ እሳቸው ከወረዱ በኋላ፣ አናጢው ከመድረሱ በፊት። እትዬ ጎንበስ አይሉም። አናጢው የራሱን እንኳ አያዞርም፤ ዛሬ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ።»

ወደ አስጎብኚው ዞረች። ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«ጠዋት ከዚህ ስወጣ ጫማዬ ወደ ውጭ ዞሮ ጠበቀኝ። ጋሼ፣ የኔን ማን አዞረው?»

በአስጎብኚው ፋንታ የመለሱት እትዬ ናቸው፤ ሳያስቡት።

«እሳቸው ናቸዋ። የጎብኚውን ሁሉ ያዞራሉ። ‹እዚህ የገቡት አልወጡም፤ እናንተ ግን ትወጣላችሁ› ይላሉ። ከሰገነቴ ሃያ ዓመት ሳያቸው…» አፋቸውን ያዙ።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሄድኩ ብለውኛል» አለች ወስፌ። «መምህሩ የገቡት አሥር ሰዓት ላይ ነው። ያልነበረ ሰው ጫማ አያዞርም። ሌላም አለ። ከዚህ ቤት የጠፉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ወረቀቱና ቃጭሉ። ብረት ጠጋኙን ጠይቄዋለሁ። ቃጭል አልመጣለትም።»

አስጎብኚው ከኮታቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ድንጋዩ ላይ፣ በሁለቱ ጎድጓዳዎች መሐል አስቀመጡት። ጨርቁ ሲፈታ ቃጭሉና አንድ የታጠፈ ወረቀት ታዩ።

«ላቃጥለው ክብሪት ጭሬ ነበር» አሉ። «እጄ እምቢ አለኝ። ኑዛዜ ነው። ጠሪው ሲሞት ቃጭሉን ለበኩር ልጁ ያወረሰበት። የበኩር ልጁ አያቴ ነው። እዚህ ላይ የቆመች ቅድመ አያት የለችኝም። እያቆመ ሲጠራ የኖረ ቅድመ አያት ነው ያለኝ።»

«ለምን ዋሹ?» አለች ወስፌ።

«መጀመሪያ ለአንዲት ጎብኚ ነው የዋሸሁት። ድንጋዩን አቅፋ እያለቀሰች ‹እርስዎስ የማን ዘር ነዎት?› አለችኝ። የጠሪው ልል አፌን ከፈትኩ፤ ሌላ ወጣ። አቀፈችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ያቀፈኝ ሰው የለም። ከዚያ ወዲያ መመለሻው ጠፋኝ። ጫማ ማስወለቁም፣ ማዞሩም፣ ካሣ ይሆነኛል ብዬ ነበር።»

«አባቴ ምን አለህ?» አለች ልጅቱ። እሳቸውን «አንተ» ስትል የመጀመሪያዋ ነው።

«ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ‹እኔም ልጆች አቁሜበታለሁ። ነገ አብረን እንቁም፤ አንተ ስለ ቃጭሉ፣ እኔ ስለ ቅጣቱ እንናገር፣ ይቀልልሃል› አለኝ። ቢሰድበኝ እችለው ነበር። ገፋሁት። ከዚያም ደንግጬ በፊቱ በር በኩል ልወጣ ላይ ደረስኩ። ጫማውን አየሁት። አዞርኩት። ከዚያ እትዬ እንዳያዩኝ ተመልሼ በጓሮ ወጣሁ።»

ልጅቱ ነርስ ናትና ማንም ያላሰበውን ጠየቀች።

«ስትወጣ ይተነፍስ ነበር?»

ሽማግሌው ጨርቁን መልሰው ቃጭሉ ላይ አለበሱት።

«ይተነፍስ ነበር።»

«ታዲያ ጫማውን ለምን አዞርክለት?»

«እንጃ ልጄ። እጄ ነው ያዞረው። ይወጣል ብዬ ይሆናል።»

ሲወጡ አስጎብኚው እጃቸው በካቴና ታስሮ ከፊት ነበሩ። ደፉ ላይ የስድስት ሰው ጫማ ወደ ውስጥ እንዳየ ተዝረክርኳል። ቆሙ። አዛዡ ሊገፋቸው ሲል ወስፌ እጁን ያዘችው። ሽማግሌው በርከክ ብለው በታሰረ እጃቸው ማዞር ጀመሩ፤ የእትዬን፣ የአናጢውን፣ የአዛዡን፣ የመርማሪዋን፣ የልጅቱን። የራሳቸው ላይ ሲደርሱ ተውት። ወደ ውስጥ እንዳየ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው እየተደናበሩ አጠለቁት።

ልጅቱ ጫማዋን ከመሬት አነሣች። አላደረገችውም። በእጇ ይዛ፣ ልክ አባቷ እንደገባ፣ በካልሲዋ ወጣች።

አናጢው ካቴናው ሲፈታለት ወደ ምድር ቤቱ ዞሮ አንድ ቃል ተናገረ። ለማን እንደሆነ ሁሉም ስላወቀ ማንም አልጠየቀውም። ወስፌ አጠገቡ መጥታ «ይቅርታ፤ ያለጥፋትህ ነው ያሰርንህ» አለችው። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ቀላል ሆኖ አገኘችው፤ ስድስት ዓመት ያቃታት ይኼ ብቻ ነበር።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ዳቦ ቤቱ ደረሰች። ሻጯ አወቀቻትና ወረቀት ከረጢት አነሣች።

«ስንት ልስጥሽ?»

«ዳቦ አይደለም» አለች። «ባለቤቱን ጥሪልኝ።»